የጋዜጣው ጠረጴዛ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት የወሎ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት። ክሩ፣ ማለትም ተከታትሎ የመጣው መልስ፣ እስከ 28 ደረሰ። መሀል ላይ የገባ ሰው ነገሩ እየጠፋበት ተቸግሯል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ቃል ላስቀምጠው።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከወሎ ከተሞች በአንዷ ወደሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ እዚያ ቤት መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ነበር። አዲስ ዘመን፣ ሪፖርተር፣ አዲስ አድማስ እና በኩር ተዘርግተውበት ይውላሉ። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ዘምቢሉን በር ላይ አስቀምጦ ይገባል። እኔ አጠገቡ ቆሜ የስፖርቱን ገጽ እስኪለቅልኝ እጠብቃለሁ። አሁን ጠረጴዛው የለም። ቦታው ላይ ተማሪዎች የሞዴል ፈተና ይሠራሉ። ጋዜጣ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሠራተኛዋ ከቁም ሳጥን ሥር በሲባጎ የታሰረ ጥቅል አወጣችልኝ። ከላይ ያለው ዕትም ሦስት ወር አልፎታል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ስገልጠው የማስታወቂያው ገጽ መሀሉ በምላጭ ተቆርጧል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በእናንተ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣና መጽሔት ይገባል? ስንት ቀን ቆይቶ ይደርሳል? ያረጀውስ የት ይቀመጣል? ከጥያቄው በታች አንድ የማምንበትን ነገር ጨመርኩ። ጋዜጣ የሌለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተማሪ ማጥኛ አዳራሽ ነው። ማጥኛ አዳራሽ ያስፈልጋል፤ ግን ጡረተኛው፣ ነጋዴው፣ ሥራ ፈላጊውና ገበሬው ምን ብለው ይግቡበት?

1ኛው መልስ ከደሴ ነው። አመሰገነኝ፣ ጥያቄው የሱም እንደሆነ ተናገረ፣ ሌሎች ሲጽፉ እንደሚያነብ ገልጾ ወጣ።

2ኛውን የጻፉት ኮምቦልቻ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ረጅም ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ሲጀመር እሳቸው ወጣት አስተማሪ ነበሩ። ፊደል የቆጠረ አዋቂ መልሶ እንዳይረሳው ጋዜጣ የሚያገኝበት ንባብ ቤት በየአካባቢው ይከፈት እንደነበር ያስታውሳሉ። በነበሩበት ቀበሌ ሠርቶ አደር ጋዜጣና የካቲት መጽሔት ይመጣ ነበር። ይዘቱ የመንግሥት እንደነበረ አልካዱም። ግን አንድ ሽማግሌ በ60 ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው፣ የመጀመሪያውን አርዕስት ጣታቸውን እያስኬዱ ሲያነቡ አይተዋል። ሽማግሌው አርዕስቷን ሲጨርሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመሩ። ንባብ ቤቱ በኋላ የእህል መጋዘን ሆነ። መምህሩ ሲጨርሱ ልጄ፣ ጥያቄህ ቆይቶብኛል የሚል መንፈስ ያለው ምርቃት መረቁኝ።

3ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል። ሁሉም ዜና ቴሌግራም ላይ እያለ ወረቀት ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው አለ። ለጋዜጣ የሚወጣው ብር ዋይፋይ ይግባበት ባይ ነው። እኛን በትዝታ የምንኖር ሰዎች አደረገን።

4ኛዋ ወልድያ የምትሠራ ነርስ ናት። 3ኛውን በስድብ አልመለሰችም፤ ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦብን የቆየበትን ጊዜ አስታወሰችው። በዚያን ጊዜ ቴሌግራሙ የት ነበር የሚል ነው ነገሯ። መንገድ ሲከፈት አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ ሪፖርተር ይዞ ይመጣ ነበር። ጋዜጣው ከተረኛ ወደ ተረኛ፣ ከተረኛ ወደ አስታማሚ ሲዞር መታጠፊያው ላይ ተቀድዶ ለአራት ተከፈለ። አንድ ሰው የፊቱን ሩብ፣ ሌላው የኋላውን ይዞ ይቀያየራል። እሷ ዋጋ የሰጠችው ዜናው ትኩስ ለመሆኑ አይደለም። የጸሐፊው ስም፣ ቀኑና አድራሻው ተጽፎበት የመጣ በመሆኑ ነው። ያኔ ከተማው በወሬ ታምሶ ነበር። በዚያ ሰሞን ይህን መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

3ኛው ወጣት ተመልሶ አልጻፈም። የነርሷን መልስ ግን ወድዶታል፤ ምልክቱ ይታያል።

5ኛው እኔን ያረመበት ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ በኩር በሳምንት ሁለት ጊዜ ትወጣለች ብዬ ነበር። ስህተት ነው። በኩር ከ1987 ጀምሮ ባሕር ዳር የምትዘጋጅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ናት። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ረቡዕና እሑድ፣ የሚወጣው ሪፖርተር ነው። አራሚው ትሑት ሰው ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ነው ያረመኝ። አስተካክዬዋለሁ።

ክሩን ያጋለው 6ኛው ነው። ሐይቅ ከተማ የሚኖር ተመራቂ ነው። ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሳምንት አንድ ቀን የትራንስፖርት ገንዘብ ለምኖ ይሄዳል። የሚሄደው ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለማንበብ ነው። ሒሳቡን እንዲህ አስረዳ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ ቀናት ተመዝገቡ ይላል። ጋዜጣው ቤተ መጻሕፍት የሚደርሰው በሰባተኛው ቀን ከሆነ ለሱ የሚቀሩት ሦስት ቀናት ናቸው። በነዚያ ሦስት ቀናት ኮፒ ማስደረግ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማጻፍና አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። አንድ ቀን ደግሞ ጋዜጣው በጊዜው ደረሰ። ደስ ብሎት ገለጠ። የሱ ሙያ ያለበት ሳጥን ተቆርጦ ወጥቷል። በቀዳዳው በኩል የታየው ከሥሩ ያለው ገጽ ላይ የአንድ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ነበር። የድርጅቱ ስም የመጨረሻ ሁለት ፊደላት ጠርዙ ላይ ቀርተዋል። ስልክ ቁጥሩ የለም።

7ኛው ላይ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አንድ ሰው እኔም ቆርጫለሁ ብሎ ተናዘዘ። የተመረቀ ዓመት፣ በሌላ ከተማ፣ በምላጭ ቆርጦ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ፎቶ ማንሻ ስልክ አልነበረውም። ወረቀትና እስክሪብቶ ግን ነበረው፤ መገልበጥ ይችል ነበር። የቆረጠው ሌላ ሰው እንዳያየው ብሎ ነው። ሥራውን አላገኘም። ይህን የጻፈው ራሱን ነጻ ለማውጣት አልመሰለኝም፤ የ6ኛው ታሪክ ስለከበደው ነው።

8ኛውና 9ኛው አልማሩትም። 8ኛው ሌባ አለው። 9ኛው ሰበር ዜና ሊያነብ መጥቶ ጉድ ሰማሁ ብሎ ጀምሮ፣ ያገሩን ልጅ እንጀራ የሰረቀ ሰው በሌላ ስም አይጠራም የሚል ቃል ወረወረ። እኔ መሀል ገብቼ በጨዋ ደንብ እንነጋገር አልኩ። ቁጣቸው ግን ይገባኛል። ሕዝብ ቤት ያለ ጋዜጣ ላይ የሚደርስ ምላጭ መቶ ሰው ይቆርጣል።

10ኛውን የጻፈው ራሱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። የት እንደሚሠራ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ብዙዎቻችን የማናውቀውን የቤቱን ውስጥ አሳየን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀት ጸድቆ፣ ተለቅቆ፣ የግዥ ሂደቱ አልቆ የጋዜጣ ውል እስኪታሰር ወራት ያልፋሉ። በነዚያ ወራት ጋዜጣ አይገባም። የጋዜጣ ደንበኝነት አስቀድሞ ይከፈላል፤ ፋይናንሱ ደግሞ ዕቃው ሳይገባ ክፈል ሲባል አይወድም። በዚህ መሀል ክረምቱ በሙሉ ባዶ ይሆናል። ሲመጣም በአውቶቡስ ተጭኖ ነው። ሾፌሩ ረስቶት አልፎ ከሄደ ከሌላ ከተማ እስኪመለስ ሌላ ሳምንት ነው።

ስለ ማስቀመጡም አስረዳን። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ይቢጫል፣ ይሰባበራል። መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጣል፤ ጋዜጣ ግን ሳይታጠፍ በጀርባው መተኛት አለበት። ጨለማና ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ጠላቱ የክረምቱ ጉምና እርጥበት ነው። ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ሲወርዱ ሙቀቱ ነው። አይጥ የትም አለ። በየሦስት ወሩ ማስጠረዝ እንዳለበት ያውቃል፤ የጠራዥ ሒሳብ ግን በበጀቱ ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ ንብረት አስወጋጆች መጥተው ጥቅሉን እንደ ቆሻሻ ወረቀት በኪሎ ሊሸጡት ሲሉ በሩ ላይ ቆሞ ተከራክሯል። ግማሹን አትርፏል።

11ኛው የኔ ከተማ የትኛዋ እንደሆነች ሊገምት ሞከረ። አልመለስኩለትም።

ከዚያ ክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። 12ኛዋ ያደገችው ገጠር ነው። የአያቷ ቤት ግድግዳ በአዲስ ዘመን ተለጥፎ ነበር። አያቷ ሥዕሉ እንዲታይ እንጂ ጽሑፉ እንዲነበብ አላሰቡም፤ አንዱ ገጽ ተገልብጦ ነው የተለጠፈው። እሷ ማንበብ ስትለማመድ ተኝታ፣ አንገቷን አዙራ ያንን ገጽ ታነባለች። ዛሬም የተገለበጠ ጽሑፍ ሳትቸገር ታነባለች። ይህን ሳነብ የኛም ቤት ኩሽና ታወሰኝ። 13ኛውና 14ኛው ስለ ስኳርና ቆሎ መጠቅለያ አወሩ። አንዱ ታሪክ ሲያነብ ቆይቶ መጨረሻው የጎረቤት ስኳር የተጠቀለለበት ላይ ሆኖ ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንደለመነ ጻፈ። 15ኛው የጳውሎስ ኞኞን አንድ ጥያቄ አለኝ አነሣና በየካቲት መጽሔት ላይ ያነበው እንደነበር ተናገረ። 16ኛው ያ ዓምድ የአዲስ ዘመን እንደሆነ አረመው። 15ኛው ተቀበለ።

17ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን፤ በኔ በኩል ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ መልስ የሷ ነው። ያንን የጋዜጣ ጠረጴዛ ሁላችንም ስናሞግስ እሷ በልጅነቷ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣበት አታውቅም። ጠረጴዛው የወንዶች ነበር። ትልልቅ ሰዎች ጠዋት ገብተው፣ አንዱ አንዱን ጋዜጣ እየያዘ፣ ሲጨርስ ለጓደኛው እያቀበለ እስከ ምሳ ይቆያሉ። አንድ ጊዜ የሴቶች ጉዳይ የሚጻፍበትን መጽሔት ልታነሣ እጇን ዘረጋች። ማንም አልከለከላትም። ሁሉም ግን ቀና ብለው አዩዋት። እጇን መለሰች። ጠረጴዛው ይመለስ ስንል እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ አብረን እንድናስብ ጠየቀች።

18ኛው የኮምቦልቻው መምህር ናቸው። በዕድሜያቸው ማስተባበል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከነዚያ ቀና ብለው ካዩት አንዱ ልሆን እችላለሁ ብለው ልጄ፣ አፉ በይኝ አሉ። አንድ ሰው አንድን ጋዜጣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲይዝ ሰዓት ግድግዳው ላይ ይሰቀል የሚል ሐሳብም አመጡ። እሷ በአንድ ቃል መለሰች፤ አብሽሩ የምትለዋን የአገራችንን ቃል። እኔም ባልጽፈውም ስለ አባቴ አሰብኩ። እኔን አጠገቡ ሲያቆም እኅቴ ከዘምቢሉ ጋር ውጭ ነበረች።

19ኛው ተመራማሪ ነው። የ1965ቱንና የ66ቱን የወሎ ረሃብ የሚመለከት ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጦች በተወለደበት አገር ፈለገ፤ አንድም ጥራዝ አላገኘም። በ1936 የተመሠረተው አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ሄዶ ነው ያገላበጠው። ወሎ ሰው እየረገፈ በነበረባቸው ወራት የመንግሥት ጋዜጣ የፊት ገጽ ምን ይዞ ይወጣ እንደነበር በዓይኑ አየ። የወሎ ልጅ የወሎን ዝምታ ለማየት 400 ኪሎ ሜትር መሄዱ እንዳመመው ጻፈ።

20ኛው በቁጣ ነው የመለሰው። ያኔ ወገናችን ሲያልቅ የደበቀ ጋዜጣ ቢቃጠል ምን ይቀርብናል አለ። ነገሩን ለዓለም የገለጠው በጥቅምት 1966 እንግሊዝ አገር የታየው የቴሌቪዥን ፊልም እንጂ ጋዜጣ እንዳልሆነ አስታወሰ። አያቱን በዚያ ረሃብ ስላጣ ቃሉ የተመረጠ አልነበረም። ማንም አልወቀሰውም።

21ኛው ተመራማሪው ራሱ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ። ሊያስቀምጠው የሚፈልገው ጋዜጣው እውነት ስለጻፈ አይደለም። ያልጻፈውን ማስረዳት የሚቻለው ገጹ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ግን፣ ሁሉም ነገር ያኔ ተነግሮ ነበር ብሎ የሚነሣን ሰው በምን እንረታዋለን? እኔ በዚህ ከሱ ጋር ነኝ።

22ኛው አንድ አንቀጽ ብቻ ጻፈ። በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ የነሱ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መስኮቱም መደርደሪያውም ወድቆ ነበር። ሲመለሱ የቆየው የጋዜጣ ጥቅል ግማሹ ለማገዶ ሄዷል። ጉልቻው ሥር ያልነደደ ጠርዝ አገኘ፤ ቀኑ ይነበባል፤ የጋዜጣው ስም ግን የለም። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

23ኛው አዲስ አበባ ያለ የወሎ ቦረና ሰው ነው። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር አወጋ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሳንቲም ከፍሎ፣ አንብቦ መመለስ። ደሴ ፒያሳስ ለምን አይሞከርም የሚል ነው። ጥሩ ወሬ ነው፤ ግን ሳንቲም የሌለውን ሰው ጉዳይ አይመልስም።

24ኛዋ መላ ይዛ መጣች። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ባንኩም፣ ወረዳውም፣ ሆስፒታሉም ጋዜጣ ይገባላቸዋል። አለቃው አርዕስቱን አይቶ ያስቀምጠዋል። ወር ሲሞላ ጽዳቶቹ መስታወት ይወለውሉበታል። እሷ ከቢሮዋ የተነበበውን በየዓርቡ ይዛ ለቤተ መጻሕፍት ማድረስ ትችላለች። 25ኛው ይህ ለ6ኛው ሥራ ፈላጊ አይደርስለትም ብሎ ተቃወመ። ልክ ነው፤ ለማስታወቂያው ትኩሱ ያስፈልጋል። እኔ የተረዳሁት ግን ሁለት የተለያየ ነገር እየለመንን እንደነበር ነው። አንዱ ዛሬ የሚነበብ ጋዜጣ ነው። ሌላው ነገ የሚቀመጥ ጋዜጣ ነው። የመጀመሪያው በጀት ይጠይቃል። ሁለተኛው ሰው ካለ ይሠራል።

26ኛው ባለሙያው ነው። በጸሐፊዋ ሐሳብ ደስ ብሎት የጎደሉትን ዕትሞች በቀን ዘርዝሮ አወጣ። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ቁልቁል ስወርድ ክረምት ክረምቱ ላይ ያለውን ገደል አየሁት፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ በየዓመቱ። መጨረሻ ላይ ሙሉ ያልሆኑትንም ጨመረ፤ ገጽ የጎደላቸው፣ የተቀደዱ፣ የተቆረጡ። ከየትኛው ቤት እንደሆኑም አሁን ተናገረ። ያንን እዚህ አልደግመውም።

27ኛው የጻፈው የሰባተኛው ቁጥር ሰው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ዕትም አወቀው። ያቺ ቁራጭ ዛሬም ከዲግሪው ጋር በፋይል ውስጥ አለች። ለምን እንዳልጣላት አያውቅም። ቀኑን፣ ገጹን፣ የጀርባውን ጽሑፍ ሳይቀር ገልብጦ ጻፈው፤ ያኔ መገልበጥ የነበረበትን። በፖስታ ቤት ልኮ፣ ከተቀበሏት፣ ቦታዋ ላይ መመለስ ይፈልጋል። በፕላስተር ቢለጥፏት ይሆን ብሎ ጠየቀ።

28ኛው የባለሙያው መልስ ነው። ፕላስተር አይሆንም፤ ቆይቶ ይቢጫል፣ ወረቀቱንም ይዞት ይቀደዳል። ጥቂት የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጦ፣ በለሰለሰ እሳት እያማሰለ ቀጭን ሙጫ ያዘጋጃል። ከጀርባው ስስ ወረቀት አድርጎ፣ በጠርዙ ብቻ ይቀባል። ከዚያ በሁለት ካርቶን መሀል ከባድ መዝገብ ጭኖበት ያሳድረዋል። ፖስታው ላይ እንዲጻፍ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይታጠፍ።